የጭቃው መንጋ

ኦሞ ወንዝ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ኦሞራቴ ሲደርስ ረጅሙን መንገድ ጨርሷል። ከሸዋና ከጅማ ከፍታዎች ተነሥቶ፣ ጎጀብንና ሌሎች ገባሮችን እየጨመረ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከደጋው ጠርጎ ያመጣውን አፈር የዳሰነች ሕዝብ በሚኖርበት ሜዳ ላይ እያራገፈ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ለዘመናት ወንዙ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ ከአፉ ይወጣ ነበር። ሲሸሽ ከግራና ከቀኝ የሚተወው ርጥብ ጭቃ ለአዋቂው የማሽላ ማሳ ነው። ለልጁ ግን ከብት ነው።

ልጁ አንድ እፍኝ ጭቃ ያነሣል። ጠጠሩንና የሣሩን ሥር ይለቅምለታል፤ በሁለት መዳፉ መካከል እያንከባለለ ያድበለብለዋል። ከወደ ትከሻው በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ሻኛ ያወጣለታል። እግሩ ላይ ብዙ አይጨነቅም፤ አራቱን እግር ሁለት አድርጎ ቢያልፈው የሚወቅሰው የለም። ቀንዱ ላይ ሲደርስ ግን ትንፋሹን ይይዛል። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች የሚወዱትን በሬ ቀንድ ገና በወይፈንነቱ እያቃኑ፣ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እያደረጉ ያሳድጉታል። ልጁ ይህንን ከአባቱ በረት አይቶታል፤ የእሱም በሬ እንደዚያ መሆን አለበት። ጭቃው ቀንድ አልሸከም ካለ እሾህ ወይም ስንጥር ይሰካበታል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ የኦሞራቴ ፀሐይ ደግሞ ሥራዋን ቶሎ ነው የምትጨርሰው።

ጨዋታው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከጭራሮ አጥር ይታጠራል፤ በረቱ በር ይበጅለታል። ሴቶቹ ልጆች እናቶቻቸው እንደሚያደርጉት ቀጫጭን እንጨት አጉብጠው ክብ ጎጆ ያቆማሉ፤ ጨርቅ ወይም ቅጠል ያለብሱታል። ከብቱ ለግጦሽ ይወጣል፣ ውሃ ይወርዳል፣ ይታለባል፣ ይጠፋል፣ ይፈለጋል። አንዱ ቡሬ ላሙን በሁለት ጥጃ ካልለወጥክልኝ ይላል። ሌላው ቀንዷ የተሰበረችውን አልቀበልም ብሎ ይከራከራል። ማታ ሁሉም መንጋውን ቆጥሮ ያስገባል። ነገ ከዚያው ይቀጥላል።

ስለ ቪዲዮ ጌም ትዝታ በሚያወራ ምዕራፍ ከኦሞራቴ ጭቃ የተነሣሁት አንድ ነገር በግልጽ እንዲታይ ፈልጌ ነው። በልጅነታችን አንድን ጌም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ስንጫወት ቆይተን፣ ካደግን በኋላ ሙዚቃውን ድንገት ስንሰማ ደረታችን ውስጥ አንዳች ነገር ይላወሳል። ብዙ ሰው ይህን ስሜት ለሥዕሉ፣ ለታሪኩ ወይም ለመሣሪያው ያለው ፍቅር አድርጎ ይወስደዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የምንናፍቀው እዚያ ጨዋታ ውስጥ የነበረንን ቦታ ነው፤ ንብረት በአደራ የተሰጠው፣ ውሳኔው የሚቆጠርለት፣ ጓደኞቹ የሚፈልጉት ሰው የነበርንበትን ቦታ። ያ ቦታ ስክሪን ላይም ይሁን ወንዝ ዳር፣ ትዝታው የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ተጫዋቹ የሌላ ሰው ሕይወት ለብሶ የሚኖርባቸው ጌሞች፣ በዘርፉ ቋንቋ አርፒጂ የሚባሉት፣ ሲወለዱ ስክሪን አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ‹ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ›ን ለገበያ ሲያወጡ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስና ጠረጴዛ ከብበው የተቀመጡ ጓደኛሞች ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ይህንኑ ጨዋታ ተረከበው። በ1986 ጃፓን ውስጥ ‹ድራገን ኩዌስት›፣ በቀጣዩ ዓመት ‹ፋይናል ፋንታሲ› ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ የእነዚህ ልጆች ናቸው። ሕጋቸው ተመሳሳይ ነው፤ ባዶ እጅህን ትጀምራለህ፣ ትሰበስባለህ፣ ትጠነክራለህ፣ ባልንጀራ ታፈራለህ፣ ያፈራኸውንም ልታጣ ትችላለህ። በዚህ ሚዛን ከሄድን የዳሰነቹ ልጅ የጭቃ መንጋ ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ደጋ ላይ የጭቃ በሬ ጠምዶ ሲያርስ የሚውለው እረኛም፣ ከተማ ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ወጥ ‹የምትሠራው› የዕቃ ዕቃ ተጫዋችም እንደዚያው።

የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ባቀረበው ትምህርት፣ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አስረድቶ ነበር። ምግብ ፊት ቀርቦለት መታገሥ የማይችል ሕፃን በጨዋታ አባት ሲሆን ለ‹ልጆቹ› ቀድሞ ያጎርሳል። ውኃ ቅዳ ሲባል የሚያለቅሰው ልጅ ጭቃ ከብቱን ለማጠጣት ወንዝ ይመላለሳል። ገና ያልደረሰበትን ሰውነት አስቀድሞ ይለብሰዋል። ይህ የለበሰው ሰው ነው በኋላ የሚናፈቀው።

ናፍቆት ራሱ ብዙ ዘመን በበሽታነት ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ ከአገራቸው ርቀው የሚማቅቁ ሰዎችን ሕመም መዝግቦ ስም አወጣለት። ሐኪሞች ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከዚህ አስተሳሰብ አልወጡም። እኛ አገር ትዝታ የሐኪም ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን በስሙ ሰይመን በክራርና በማሲንቆ ስናስተናግደው ኖረናል። የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቲም ዊልድሹት፣ ኮንስታንቲን ሴዲኪደስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የደረሱበት ነገር ለአዝማሪ አዲስ አይሆንበትም። ሰዎች የሚናፍቁትን ነገር ጻፉ ሲባሉ በታሪኩ መሐል የሚቆመው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም፣ የሚወዳቸው ሰዎች ከበውታል። ትዝታውን የሚቀሰቅሰው በአብዛኛው መከፋትና ብቸኝነት ነው። ካስታወሱ በኋላ ደግሞ የሚወዳቸው ሰው እንዳለ የበለጠ ይሰማቸዋል።

ባለታሪኩ ራስህ፣ በዙሪያህ ጓደኞችህ። አርፒጂ የሚባለው ጨዋታ የተሠራበት ቅርጽ እኮ ይኸው ነው። ለዚህ ይመስለኛል ከጌሞች ሁሉ ይህ ዓይነቱ ትዝታን አጥብቆ የሚይዘው።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳ አንድ ጃፓናዊ አለ። ሳቶሺ ታጂሪ ያደገው ከቶኪዮ ወጣ ባለችው ማቺዳ ነው። በልጅነቱ ሥራው ከኩሬና ከጫካ ጥንዚዛ መሰብሰብ ነበር፤ ጓደኞቹ የነፍሳት ዶክተር እያሉ ይጠሩት ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ኩሬው ተደፈነ፣ ጫካው ተመነጠረ፣ ሜዳው አስፋልትና ሕንፃ ሆነ። ታጂሪ አድጎ ጌም ሠሪ ሲሆን ሁለት የእጅ መጫወቻዎች በገመድ ተያይዘው ሲያይ የታየው ነገር ነፍሳት በገመዱ ውስጥ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነበር። ከዚያ የተወለደው ‹ፖኬሞን› እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ለገበያ ዋለ። 151 ፍጥረታት ነበሩት። ጌሙ ቀይና አረንጓዴ ተብሎ በሁለት ካሴት ተሸጠ፤ አንደኛው ውስጥ ያሉት አንዳንድ ፍጥረታት በሌላኛው ውስጥ የሉም። ሁሉንም ለማግኘት የፈለገ ልጅ ሌላኛውን ካሴት የያዘ ልጅ ፈልጎ መለዋወጥ ግድ ይሆንበታል።

የኦሞራቴውን ልጅ ቡሬ ላም በሁለት ጥጃ ሲለውጥ ያየ ሰው ይህን ገመድ ያውቀዋል።

ታጂሪ ያደረገው የጠፋበትን ሜዳ ጌም ውስጥ መትከል ነበር። የሚገርመው፣ የእሱን ጌም የተጫወቱ ልጆች ዛሬ አዋቂዎች ሆነው የሚናፍቁት ራሱን ጌሙን ነው። የመጀመሪያዎቹ የፖኬሞን ካሴቶች የተጫዋቹን ታሪክ የሚያስቀምጡት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ኃይል ነው። ባትሪዋ ዓመታት ቆጥራ ስታልቅ ልጁ የሰበሰበው ሁሉ ይሰረዛል። ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካሴት አውጥቶ የከፈተ ሰው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይጠየቃል። ፍጥረታቱ የሉም፤ ያወጣላቸው ስም የለም። ሰዎች በዚህ የሚያዝኑት ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ማንም ሊያቃልልባቸው አይገባም።

ወደ እኛ ከተሞች ጌሙ በሌላ በር ነው የገባው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው የመጀመሪያ ጌሙን ያገኘው በአብዛኛው ጌም ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከየአንዳንዱ ሥር አንድ ፕሌይስቴሽን። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። ለኳስ ጌም ይህ አመቺ ነው፤ አሸናፊው ይቀመጣል፣ ተሸናፊው ከፍሎ ይነሣል፣ ወረፋው ይንቀሳቀሳል። ታሪክ ላለው ጌም ግን ጌም ቤት አስቸጋሪ ቦታ ነበር። ትልልቆቹን የጃፓን አርፒጂዎች ለመጨረስ አሥራ ምናምን ሰዓት አይበቃም፤ ንግግራቸውም በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ልጅ የሌላ ሰው ሕይወት ለመልበስ የመረጠው ‹ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ›ን ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ይህ ጌም የተኩስና የመኪና ጌም ነው ተብሎ ይታወቃል፤ ውስጡ ግን አርፒጂ አለበት። ተጫዋቹ የሚመራው ባለታሪክ ሲጄ ካልበላ ይከሳል፣ በርገር ካበዛ ይወፍራል፣ ጂም ሲገባ ጡንቻ ያወጣል፤ መኪና በነዳ ቁጥር መንዳት፣ በተኮሰ ቁጥር መተኮስ ይሻሻልለታል። ልብስ ይገዛል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ቤት ይገዛል። ሚሽን እየሠሩ ሴቭ ማድረግ ሜሞሪ ካርድ ይጠይቃል፤ ካርዱ የቤቱ ነው፣ በላዩ ላይ ሌላ ልጅ የራሱን ሴቭ ሊያደርግበት ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ታሪኩን ትተው ከተማዋን ብቻ ይዞሩባት ነበር። የቺት ኮዶች በደብተር የመጨረሻ ገጽ በእስክሪብቶ ተገልብጠው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር፤ ኤል ዋን፣ አር ቱ፣ ክብ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ኮዱን በቃሉ የያዘ ልጅ ገንዘብ ባይኖረውም ወንበሩ አጠገብ ቦታ ያገኛል። የዚያ ትውልድ ሰው ትዝታውን ሲያወራ ስለ ሲጄ ብዙ አይናገርም። ማን ከጎኑ ቆሞ ‹በዚህ ሂድ፣ በዚህ!› ይለው እንደነበር ነው የሚናገረው።

አሁን ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። የጭቃው ጨዋታ ከስክሪኑ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለና። ልጁ እየተለማመደ ያለው ሕይወት ከፊት ለፊቱ በእውነት ይጠብቀዋል፤ ቢያንስ ይጠብቀው ነበር።

በዚህ አካባቢ ስለ ከብት የሚታወቀው ነገር ጥልቀቱ ያስደንቃል። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ካትሱዮሺ ፉኩይ ቦዲዎች የከብት ቀለምና ዝንጉርጉርነትን እንዴት እንደሚለዩና እንደሚሰይሙ ለዓመታት አጥንቷል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ሙርሲዎች ባሳተመው ጽሑፍ የቀለም አጠራራቸው ከከብት መልክ ጋር የተሣሠረ መሆኑን አሳይቷል። የቀለም ካርድ ቀርቦለት እንዲህ ያለ ከብት የለም ብሎ የሚመልስን ሰው አስቡት፤ የጽሑፉም ርእስ ከዚህ ነው የመጣው። አንድ ልጅ ይህን ዕውቀት በሰሌዳ አይማረውም። ጠጠር ሰብስቦ፣ ይቺ ነጭ ሆዷ ጥቁር፣ ይቺ ዳማ ግንባረ ቦቃ እያለ ሲያሰልፍ ነው የሚይዘው። ካደገ በኋላ አንድ በሬ ይመርጣል፤ ያስጌጠዋል፣ ይዘፍንለታል፣ በበሬው መልክ ስም ይጠራል። ወንዝ ዳር ጭቃ ሲያድበለብል የለበሰውን ሰው እንግዲህ በእውን ሆነው ማለት ነው።

በዳሰነች ዘንድ ደግሞ ከብት ወዳጅነት የሚጻፍበት ነገር ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ኡሪ አልማጎር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ዋና ነገር አድርጎ ያጠናው ይህንኑ የባልንጀርነት ሥርዓት ነው። አንድ ሰው መንጋውን በሙሉ ከአጠገቡ አያኖርም፤ ከፊሉ በስጦታና በአደራ በወዳጆቹ በረት ይበተናል። ድርቅ ወይም በሽታ አንዱን አካባቢ ሲመታ ሌላው ይተርፋል። ስጦታ የሰጠ ሰው የሚሄድበት ቤት አለው። ልጆቹ ጥጃ ሲለዋወጡ የሚለማመዱት ንግድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባናል።

ይህ ሕይወት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ብዙ ተናግቷል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በታችኛው ሸለቆ ከ300 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከብቱም በሺዎች አልቋል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ደግሞ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ተመረቀ። ግድቡ ውሃውን እየመጠነ ሲለቅ ማሳውን የሚያጠጣውና ደለሉን የሚያነጥፈው የክረምት ጎርፍ እንደ ቀድሞው መምጣቱን አቆመ። በ2014 ዓ.ም. ድርቅ የዳሰነች ከብት በብዛት ረገፈ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በተቃራኒው የቱርካና ሐይቅ ከፍ እያለ፣ ኦሞም እየተገፋ ቀበሌዎችን አጥለቅልቆ ሰዎችን አፈናቅሏል። ውሃው ሲፈለግ አይመጣም፣ ሳይፈለግ ይመጣል።

በዚህ መሐል ትምህርት ቤት ገብቶ ኦሞራቴ፣ ቱርሚ ወይም ጂንካ ሥራ የያዘ ሰው አለ። መምህር ነው፣ የጤና ባለሙያ ነው፣ ሾፌር ነው፣ የወረዳ ሠራተኛ ነው። በልጅነቱ አርባ ሃምሳ የጭቃ ከብት ነበረው። ያ ጨዋታ ያዘጋጀው ለአንድ ሕይወት ነበር፤ እሱ የሚኖረው ሌላ ነው። የዚህ ሰው ናፍቆት ከቶኪዮው ታጂሪ ናፍቆት ጋር ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ልጆች ሆነው የሠለጠኑበት መሬት ከሥራቸው ተነሥቷል። ልዩነቱ፣ ታጂሪ ናፍቆቱን የሚያፈስበት ሙያ ነበረው።

ጂንካ ላይ፣ ከተማዋን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ፣ የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። ሄዳችሁ የአካባቢውን ሕዝቦች የቤት ዕቃዎች፣ ጌጦችና መገልገያዎች እዩ እላለሁ፤ ቅል፣ የራስ ማሳረፊያ በርኩማ፣ ቆዳ ልብስ። የጭቃ ከብት ግን ለሙዚየም የሚመች ነገር አይደለም። በእሳት ስላልተተኮሰ ዝናብ ሲነካው ተመልሶ አፈር ይሆናል። መቀመጥ ካለበት በጨዋታነቱ ነው መቀመጥ ያለበት፤ ጨዋታን በጨዋታነቱ ማቆየት የሚችል ሙያ ደግሞ አሁን አገራችን ውስጥ አለ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ‹ኩኩሉ›ን፣ ቀጥሎም ‹ገበታ›ን ለስልክ ሠርቶ አሳይቷል። ዶሮ የምታመልጥበትና ጠጠር የሚዘራበት ጌም ከተቻለ፣ መንጋ የሚጠበቅበት አርፒጂ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የኦሞራቴ ልጅም ዛሬ ስልክ ያውቃል።

ሕጎቹን ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም፤ ተጫዋቾቹ አሉ፣ ይጠየቁ። በአንዲት ጊደር ይጀመር። ከብቱ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በመልክ ይለይ፤ መልኩን ያላወቀ ተጫዋች የራሱን ላም ከጎረቤቱ መለየት አይቻለው። ቀንድ ማቃናት ዓመታት ይውሰድ። ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ ማሽላ ይዘራ፤ ጎርፉ የሚቀርባቸው ዓመታትም ይምጡ። ድርቅ ሲገባ መንጋው በሙሉ ይለቅ። በሌሎቹ ጌሞች እዚህ ላይ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ዳሰነች አገር ግን ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ውሃው ዳር ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል። ተጫዋቹም እዚያ ይቆይ፣ መረቡን ይጣል፣ ይጠብቅ። ከወራት በኋላ አንድ ሰው አንዲት ጊደር እየነዳ ቢመጣ ወይም ማንም ሳይመጣ ቢቀር፣ የሚወስነው ተጫዋቹ በጥጋቡ ዘመን ለማን ምን እንደ ሰጠ ነው። እንዲህ ያለው ጌም ሴቭ ማድረግ ያለበት ከሁሉ በፊት ይህንን ነው።